የተሰበረ የአሉሚኒየም ሞተር ገላ በብየዳ ሲጠገን

የሞተር ገላ፣ መካኒኮች ክራንክ ኬዝ የሚሉት፣ ክራንክ ሻፍቱን በኩሽኔታዎቹ ላይ የሚሸከም፣ የሞተር ዘይቱን የሚያጠራቅም፣ በሞተር ሳይክልና በባጃጅ ላይ ደግሞ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን ጭምር የሚይዝ አካል ነው። ሲሊንደሩ የሚታሰረው በእሱ አናት ላይ ነው፤ ሞተሩ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘውም በእሱ ጆሮዎች ነው። በወልድያ ከተማ የሚመላለሰው ባጃጅ፣ ከመርሳ ተነሥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጣው ሞተር ሳይክል፣ በሀብሩ ወረዳ የሽንኩርትና የብርቱካን ማሳ ዳር ውሃ የሚስበው የቤንዚን ፓምፕ፣ ሦስቱም ገላቸው ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ነው። በደሴ መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ብሎክ በአብዛኛው ዛሬም ጊዛ (ካስት አይረን) ነው፤ ከብሎኩ ውጪ ያሉት ሽፋኖችና ቤቶች ግን ብዙዎቹ አሉሚኒየም ከሆኑ ቆይተዋል።

አሉሚኒየም ለሞተር የተመረጠው በቅለቱና ሙቀት በማስተላለፍ ችሎታው ነው። በእኩል መጠን ሲመዘን የብረትን ሲሶ ያህል ብቻ ይከብዳል፤ ለሞተር የሚውለው ቅይጥ ሙቀትን ከጊዛ ሁለት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ያስተላልፋል። የራይት ወንድማማቾች በ1903 እ.ኤ.አ. ያበረሩት አውሮፕላን ሞተር እንኳ ገላው ከአሉሚኒየምና ከመዳብ ቅይጥ የፈሰሰ ነበር። ዛሬ በጃፓንና በሕንድ ፋብሪካዎች የተለመደው ቅይጥ ከ10 በመቶ በላይ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ሲሊከንና ጥቂት መዳብ ያለው ነው። ሲሊከኑ ቅይጡ ሲቀልጥ ቀጥኖ እንዲፈስና ቅርጹን በደንብ እንዲሞላ ያደርገዋል። በዚያው ልክ ግን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ ይህ ቅይጥ ሲመታ ይሰነጠቃል ወይም ቁራሹ ይረግፋል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር አሠራሩ ነው። የትንንሽ ሞተሮች ገላ የሚፈሰው በከፍተኛ ግፊት በብረት ቅርጽ ውስጥ ነው። ቅይጡ በሰከንድ ክፍልፋይ ተገፍቶ ሲገባ አየርንም ይዞ ይገባል፤ ያ አየር በብረቱ ሆድ ውስጥ በማይታዩ ቀዳዳዎች ታፍኖ ይቀራል። ገላው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ይህ ችግር አይሆንም። በያጁ እሳቱን ሲለቅበት ግን የታፈነው አየር ተስፋፍቶ ይፈነዳል፣ የቀለጠውንም ጠብታ ይዞ ይወጣል። ንጹሕ ያደረገው ብረት ለምን እንደሚተፋ ግራ የሚገባው በያጅ ብዙ ጊዜ የሚታገለው ከዚህ አየር ጋር ነው።

የተሰበረን ገላ አውጥቶ ጥሎ ሌላ መግዛት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን የሞተር ሳይክል ገላ ሁለት ግማሾች ሲሆኑ፣ የኩሽኔታ መቀመጫዎቻቸው የሚፈለፈሉት ተጋጥመው ሳሉ ነው። አንዱ ግማሽ ከሌላ ሞተር ግማሽ ጋር ቢታሰር ዘንጉ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ስለዚህ አንድ ጆሮ የተሰበረበት ሰው ጥንዱን መግዛት ይገደዳል። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ያገለገለ ዕቃ የሚፈለግበት ሱማሌ ተራ የሚገኘው እዚያ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ከ58 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ባጃጁ በቆመ ቁጥር የዕለት ገቢ የሚቋረጥበት ሹፌር ብየዳን የሚመርጠው ከዚህ ሂሳብ ተነሥቶ ነው።

ስብራቱ የሚደርስበት መንገድ እንደ ሞተሩ ይለያያል። ባጃጅ ሞተሩን ከኋላ፣ ከተሳፋሪው መቀመጫ ሥር ስለሚሸከም ለድንጋይ ቅርብ ነው። በኮብልስቶንና በጠጠር መንገድ ላይ ዓመታት የተንገጫገጨ ሞተር ደግሞ ሳይመታም ጆሮው ይሰነጠቃል፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያለቀ የጎማ ትራስ ወይም የላላ ብሎን ነው። በሞተር ሳይክል ላይ ዋናው ጠላት ካቴና ነው። ያረጀ ካቴና በጉዞ ላይ ተበጥሶ በፊተኛው ጥርስ ላይ ሲጠቀለል መውጫ ያጣና ገላውን ይሰብራል። የዘይት ማውረጃው ብሎን ከመጠን በላይ ሲጠብቅም ጥርሱ ይላጫል፤ አንዳንዴም ዙሪያው ይሰነጠቃል። ይህኛው የመንገድ ሳይሆን የእጅ ጥፋት ነው፤ ትክክለኛ መፍቻ ይዞ በልክ ማጥበቅ ያስቀረው ነበር።

በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች፣ በመርሳ፣ በውርጌሳና በጊራና ዙሪያ፣ በመስኖ በሚለማው መሬት ላይ የሚታየው የፓምፕ ስብራት ግን የራሱ ታሪክ ስላለው ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። ለትንሽ ፓምፕ የሚውለው ሞተር ብዙውን ጊዜ 163 ሲሲ የሆነው የሆንዳ ጂኤክስ 160 ወይም እሱን መስሎ በቻይና የተሠራ ነው። ይህ ሞተር የዘይት ፓምፕ የለውም። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ከታች ትንሽ ማንኪያ መሰል ምላስ አለው፤ ዘንጉ በዞረ ቁጥር ምላሱ ወደ ዘይቱ እየገባ ይረጨዋል፣ ሞተሩ የሚለሰልሰው በዚያ ርጭት ብቻ ነው። የሚይዘው ዘይት ከ0.6 ሊትር አይበልጥም። ፓምፑ በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ከ20 ዲግሪ በላይ አዘንብሎ ከተቀመጠ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ምላሱም አየር ይቀዝፋል። ቢዬላው ራሱ አሉሚኒየም ነው፤ ከዘንጉ ጋር በቀጥታ ይፋተጋል፣ በመካከላቸው ኩሽኔታ የለም። ዘይት ሲያጣ ይነክሳል፣ ከነከሰ ይሰበራል፤ የተሰበረው ጫፍ ዘንጉ ባለበት ፍጥነት ገላውን ከውስጥ ወደ ውጪ ይበሳዋል። አንዳንዱ ሞተር ዘይት ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋበት መሣሪያ አለው፤ ሞተሩ አልነሣ ሲለው የመሣሪያውን ሽቦ ነቅሎ የሚያስነሣ ባለቤት ግን አይጠፋም። ሽንኩርቱ ውሃ በጠየቀበት ሰዓት የተደረገ ነገር ስለሆነ ለመውቀስ ያስቸግራል፤ ውጤቱ ግን በገላው ላይ የጡጫ ያህል ቀዳዳ ነው።

ጥገናው ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠየቀው ብረቱ በእርግጥ አሉሚኒየም መሆኑ ነው። ማግኔት የማይስበውና ቀላል የሆነው ሁሉ አሉሚኒየም አይደለም። የቀድሞው ቮልስ ሞተር ገላ፣ እንዲሁም የአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች የጎን ሽፋን፣ ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ማግኒዥየም ይበየዳል፤ የራሱን የብየዳ ዘንግ ይፈልጋል እንጂ። አደጋው ፍቅፋቂው ላይ ነው፤ በግራይንደር የተበተነ የማግኒዥየም ብናኝ በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ይያያዛል፣ ውሃ ቢደፉበትም ይብሳል እንጂ አይጠፋም። ለመለየት ጥቂት ፍቅፋቂ በሞረድ አንሥቶ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ ማግኒዥየም ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ አሉሚኒየም ዝም ይላል። እሳት ቢነሣ የሚጠፋው በደረቅ አሸዋ ነው፤ ስለዚህ ደረቅ አሸዋ በአጠገብ ይኑር።

አሉሚኒየም ለብረት በያጅ እንግዳ የሚሆንበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ከሁሉም የሚቀድመው በገጹ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው። አሉሚኒየም አየር እንዳገኘ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐድና በዓይን የማይታይ ቆዳ ያበጃል። ከሥር ያለው ቅይጥ ከ515 እስከ 580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ቀልጦ ያልቃል፤ ቆዳው ግን እስከ 2,072 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም። ስለዚህ ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ላዩ እንደ ከረጢት ይዞት ይቆያል፤ ሁለት የቀለጡ ጠርዞች ጎን ለጎን ተቀምጠው አይዋሐዱም። በያጁ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ከረጢቱ በድንገት ይቀደድና ብረቱ ወደ መሬት ይፈስሳል።

ይህ ድንገተኛነት ከሌላ ጠባዩ ጋር ይያያዛል፤ አሉሚኒየም ሲግል ቀለሙ አይለወጥም። ብረት ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ እያለ ለበያጁ ይናገራል። አሉሚኒየም ብርማ እንደሆነ ይቆይና ይወድቃል። ሙቀቱንም በአንድ ቦታ አያቆየውም፤ ወደ ገላው ሁሉ ስለሚያሰራጨው መጀመሪያ አልቀልጥም ይላል፣ ኋላ ሁሉም ከሞቀ ወዲያ አልበርድም ይላል። ከሙቀቱ ጋር የሚመጣው መስፋፋት ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ገላ 200 ዲግሪ ቢሞቅ ከ0.8 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የኩሽኔታ መቀመጫ ደግሞ የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። የቀለጠ አሉሚኒየም ሃይድሮጅን ይጠጣል፤ ሲረጋ የጠጣውን መያዝ ስለማይችል ይተፋዋል፣ ብየዳውም ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ሃይድሮጅኑ የሚመጣው ከእርጥበት፣ ከላብ፣ ከሁሉም በላይ ግን ከዘይት ነው። የሞተር ገላ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ በዘይት ሲታጠብ የኖረ ነው።

ለዚህ ሁሉ መልስ የሆነው አርጎን ብየዳ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር የመጣ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኖርዝሮፕ አውሮፕላን ፋብሪካ ባልደረባ የነበረው ራስል ሜሪዲት ማግኒዥየምን ለመበየድ ሲል በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግ እሳት እየፈጠረ አካባቢውን በሂሊየም ጋዝ የሚከልል ዘዴ ሠራ። ኋላ ሂሊየም በርካሹ በአርጎን ተተካ፣ ለአሉሚኒየምም ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ (ኤሲ) ተመረጠ። ምሥጢሩ ያለው በመለዋወጡ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ በአንዱ አቅጣጫ ሲሄድ ብረቱን ያቀልጣል፣ በሌላው ሲመለስ ያን የማይቀልጥ ቆዳ ይሰብራል፤ አርጎኑ ደግሞ አዲስ ቆዳ እንዳይበቅል አየሩን ያርቃል። በጥሩ ጥቁር መስታወት ውስጥ ሲታይ በቀለጠው ኩሬ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይወጣል፤ ቆዳው የተገፈፈበት ስፍራ ነው። ያ ቀለበት ካልታየ ዘንግ መጨመር አያስፈልግም፣ አይያዝምና።

በየመንገዱ ዳር ያለው፣ በር፣ መስኮትና አጥር የሚበየድበት ትራንስፎርመር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኤሲ ቢሆንም የሚሠራው በብረት ኤሌክትሮድ ነው፤ የብረት ኤሌክትሮድ አሉሚኒየም ላይ የሚያመጣው ተሰባሪ እብጠት እንጂ ብየዳ አይደለም። በዱቄት የተለበጠ የአሉሚኒየም ኤሌክትሮድ አለ፤ እሱ ግን ቀጥታ ኤሌክትሪክ (ዲሲ) ይፈልጋል፣ ለወፍራም ጆሮ እንጂ ለስስ ግድግዳ አይሆንም። በኦክስጅንና በአሲቲሊን መበየድም ይቻላል፤ አርጎን ከመምጣቱ በፊት የነበረው መንገድ እሱ ነው። ቆዳውን የሚያሟሟ ልዩ ዱቄት ይጠይቃል፤ ዱቄቱ ከሥራው በኋላ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ሙልጭ ተደርጎ ካልታጠበ አሉሚኒየሙን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በጋዝ እሳት ለረጅም ጊዜ የሚሞቅ ገላ ስለሚጣመም ለኩሽኔታ ቅርብ ለሆነ ስብራት የሚመከር አይደለም። የአርጎን ማሽን ባለበት ቦታ ሌላ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ኤሲ የሚሰጥ መሆኑ ብቻ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ ብዙ የአርጎን ማሽኖች ዲሲ ብቻ የሚሰጡና ለማይዝግ ብረት የሚሆኑ ናቸው።

የሚያስፈልገው አምፔር በግምት ለያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር ግድግዳ 160 አምፔር ገደማ ይጠይቃል። ይህ ከመስመሩ የሚስበው ኃይል ከኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ያላነሰ ስለሆነ፣ ምሽት ላይ መብራቱ ሲዳከም ኩሬው በመካከል ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት መሥራት ይሻላል። አርጎኑ በደቂቃ 10 ሊትር ያህል ይለቀቃል። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ጋዝ ስለሚሰጥ የ10 ሰዓት ንጹሕ ብየዳ ነው፤ ንፋስ በሚገባበት ደጅ ላይ ግን ግማሹ በከንቱ ይሄዳል። የሚጨመረው ዘንግ በቁጥር ይታወቃል፤ 4043 የተባለው 5 በመቶ፣ 4047 የተባለው 12 በመቶ ሲሊከን አላቸው፣ ሁለቱም ለሞተር ገላ ይሆናሉ። 5356 የተባለው ማግኒዥየም ያለበት ዘንግ ለላሜራ ጥሩ ቢሆንም፣ ከ65 ዲግሪ በላይ በሚሠራ ዕቃ ላይ አይገባም፤ የሞተር ዘይት ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይሞቃል። ዘንግ ሲጠፋ ከሌላ የተሰበረ ገላ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ መጠቀም የቆየ ዘዴ ነው። ቅይጡ ይስማማል፤ የታፈነ አየሩን ግን ይዞት ይመጣል።

ከብየዳው ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ዝግጅቱ ነው፤ አብዛኛው የከሸፈ ጥገናም የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ኩሽኔታዎችና የጎማ ማሸጊያዎች ሁሉ ይወጣሉ። ገላው በቤንዚን ከታጠበ በኋላ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ይደገማል፤ ቤንዚኑ ሳይተን እሳት የሚያስነሣ ሰው ራሱን ያቃጥላል። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ጭራሽ አይነካም፤ ቅሪቱ በብየዳ ብርሃን ሥር ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

ቀጥሎ የስንጥቁ ጫፍ ይፈለጋል። ዓይን የሚያየው ስንጥቅ ከእውነተኛው ያጥራል። ነጭ ጋዝ በስንጥቁ ላይ ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ላዩ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ይነሰነሳል። በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ነጭ ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና ቀጭን ጥቁር መስመር ይሥላል፤ መስመሩ ሁልጊዜ ከተጠበቀው ጥቂት ሚሊ ሜትር አልፎ ነው የሚያበቃው። በዚያ ጫፍ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳል፤ ክቡ ቀዳዳ ስንጥቁ ከሙቀቱ ጋር ወደፊት እንዳይሮጥ ያቆመዋል። ከዚያ ስንጥቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ በ«ቪ» ቅርጽ ይፈለፈላል። ለአሉሚኒየም የተለየ መቁረጫ ወይም ሞረድ ይሻላል፤ ለብረት ያገለገለ የግራይንደር ድንጋይ የራሱን ብናኝ በለስላሳው አሉሚኒየም ውስጥ ይቀብራል። የሽቦ ብሩሹም የማይዝግ፣ ለዚህ ብቻ የተለየ መሆን አለበት።

ከተፈለፈለ በኋላ ገላው አንድ ጊዜ ይሞቃል፣ ያኔ ታጥቦ የጠራ የመሰለው ብረት ማላብ ይጀምራል። ከስንጥቁ ጠርዝ ቡናማ የዘይት ነጠብጣብ ይወጣል፣ ይጨሳል፣ ጠርዙን ያጠቁራል። ተጠርጎ፣ ተቦርሾ፣ እንደገና ይሞቃል፤ እንደገና ያልባል። ላቡ እስኪያቆም መደጋገም ነው። ትዕግሥት የሌለው በያጅ በመጀመሪያው ላብ ላይ ይጀምርና ጥቁር ጥላሸት የተቀላቀለበት ኩሬ ያገኛል፤ ያን ጥላሸት ፈልፍሎ ለማውጣት የሚፈጀው ጊዜ ከቆጠበው ይበልጣል።

ከብየዳው በፊት ግማሹ ገላ ከተጣማሪው ጋር በሁሉም ብሎኖች ይታሰራል፤ ተጣማሪ ከሌለው ለጥ ባለ ወፍራም ብረት ላይ ይጠፈራል። በኩሽኔታ መቀመጫው አቅራቢያ ከሆነ ደግሞ ያለቀ አሮጌ ኩሽኔታ በውስጡ ይገባል፤ ክቡ ክብ እንደሆነ እንዲቀር ይረዳዋል። ከዚያ ገላው በሙሉ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ይሞቃል። በከሰል ምድጃ ላይ፣ በላሜራ ተከድኖ፣ ቀስ እያሉ እያገላበጡ ማሞቅ ይቻላል። የውሃ ጠብታ መፈተኛ ይሆናል፣ በጥንቃቄ ግን። ወልድያ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚያ በ93 ዲግሪ ይፈላል፤ ስለዚህ ጠብታው ጭስ ማለቱ ብቻ ምንም አይናገርም። ጠብታው ሳይተን ክብ ሆኖ በገጹ ላይ ሲሮጥ ነው ሙቀቱ የደረሰው። ከዚያ ያለፈ ሙቀት የኩሽኔታ መቀመጫዎችን ያላላል።

ብየዳው ራሱ ካለፈው ሁሉ አጭር ነው። ስንጥቁ መጀመሪያ በሦስት አራት ቦታ በነጥብ ይያዛል። ከዚያ በመስመር ሳይሆን በቁርጥራጭ፣ እያንዳንዱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር፣ አንዴ ከዚህ ጫፍ አንዴ ከዚያኛው እየተዘለለ ይበየዳል፤ ሙቀቱ በአንድ ቦታ እንዳይከማች ነው። የዘንጉ ጫፍ ከአርጎኑ ጥላ አይወጣም፤ ከወጣ የራሱን ቆዳ ይዞ ይመለሳል። ተንግስተኑ ኩሬውን ከነካ ይበከላልና ቆም ብሎ ጫፉን እንደገና መሳል ግድ ነው። በመስመሩ መጨረሻ እሳቱ በድንገት አይቆረጥም፤ አምፔሩ እየተቀነሰ ጉድጓዱ በዘንግ ይሞላል። አሉሚኒየም ሲረጋ ወደ 6 በመቶ ስለሚኮማተር ያልተሞላ ጉድጓድ መሐሉ ላይ በኮከብ ቅርጽ ይሰነጠቃል። ብርሃኑ ከብረት ብየዳ ይልቅ ይበረታል፣ ከሚያበራው ገጽም ይንጸባረቃል፤ ፊትን ብቻ የሸፈነ ሰው አንገቱና ክንዱ በሰዓት ውስጥ እንደ ጠራራ ፀሐይ ይለበልበዋል።

በቢዬላ የተበሳ ገላ ከስንጥቅ የሚለየው ቁራጩ ጠፍቶ ወይም ደቅቆ በመገኘቱ ነው። ቁርጥራጮቹ ከዘይቱ ውስጥ ተለቅመው የሚጋጠሙ ከሆነ ቅርጹን ስለሚያስታውሱ እነሱን መልሶ መበየድ ይመረጣል። ካልሆነ ከሌላ የተጣለ ገላ ተመሳሳይ ጉብጠት ያለው ቁራጭ ይቆረጣል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው በያጅ የተጣለውን ገላ ሁሉ ለቁራሌው የማይሸጠው፤ ለብረት ድስት አቅላጮች የሚሄደው አሉሚኒየም ለእሱ የቁራጭ መጋዘን ነው። ቁራጩ ከቀዳዳው ጥቂት አንሶ በሞረድ ይስተካከላል፣ ማዕዘኖቹ ክብ ይደረጋሉ፣ በአራት አቅጣጫ በነጥብ ከተያዘ በኋላ ይዘጋል። ከውስጥ በኩል ዘንጉ የሚያልፍበት ቦታ አስቀድሞ ይለካል፤ ትርፍ እብጠት ካለ ክራንክ ሻፍቱ መጀመሪያ በዞረበት ይመታዋል።

ገላው ቀስ ብሎ እንዲበርድ በደረቅ አመድ ውስጥ ይቀበራል ወይም በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል፤ ውሃ ማፍሰስ የተበየደውን መልሶ መስበር ነው። ሲበርድ ነጭ ጋዝ ከውስጥ ተሞልቶ ጠመኔ ከውጪ ይቀባል፤ አንድ ሌሊት ቆይቶ ጠመኔው ካልረጠበ አያፈስም። የግጥሚያው ገጽ በወፍራም መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እየተፈተገ ይስተካከላል። እዚህ ላይ መብዛት የለበትም፤ ከገጹ የተነሣ እያንዳንዱ የሚሊ ሜትር አሥረኛ ሁለቱን ግማሾች ያቀራርብና የዘንጎቹን የጎን እንቅስቃሴ ያጠባል። የተጎዳ የኩሽኔታ መቀመጫ ወይም የብሎን ቀዳዳ በብየዳ ከተሞላ በኋላ ወደ ቶርኖ ይሄዳል፤ በእጅ ትራፓኖ የሚስተካከል አይደለም።

የማይበየድ ገላም አለ። የኩሽኔታ መቀመጫው ለሁለት የተከፈለ፣ ስንጥቁ ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው የተሻገረ፣ ወይም ከዚህ በፊት ተበይዶ በዚያው ቦታ ደግሞ የተሰበረ ገላ ገንዘብ ይበላል እንጂ ወደ ሥራ አይመለስም፤ ይህን ለባለቤቱ ከመጀመሩ በፊት መንገር ከበያጁ ይጠበቃል። ጫና የማይሸከም የጎን ሽፋን ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ብየዳ ላያስፈልጋት ይችላል። በ400 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጠው የዚንክና የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ወይም ብረት የተቀላቀለበት ኤፖክሲ ማጣበቂያ፣ ገጹ በደንብ ከተፋቀና ዘይቱ ከጠፋ ዘይት ይይዛል። ሞተሩን የሚሸከም ጆሮ ላይ ግን ማጣበቂያ ማድረግ ስብራቱን ለሌላ ቀን መቅጠር ነው። የዘይት ማውረጃው ጥርስ ለተላጨበት ደግሞ ቀዳዳውን ጥቂት አስፍቶ የጠመዝማዛ ሽቦ ጥርስ ማስገባት ከብየዳ ይልቅ ርካሽም ጠንካራም ነው።

ገላው ከመገጣጠሙ በፊት የዘይት መተላለፊያዎቹ ሁሉ በቤንዚንና በአየር ግፊት ይነፋሉ፤ በፍተጋው የረገፈው የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ለኩሽኔታ ከአሸዋ አይሻልም። አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል፣ ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር በዙር ይጠብቃሉ፣ ዘንጉ በየዙሩ በእጅ እየተዞረ እንዳልያዘ ይታያል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የመጀመሪያው ዘይት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ሠርቶ ይወርዳል። በማውረጃው ብሎን ላይ ወይም በዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከታየ ሁለተኛ ይቀየራል፤ ብናኙ ከቀጠለ ገላው እንደገና ይከፈታል።